ከሺንሺቾ የገዛሁት ደወል

ሐሙስ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ሆሳዕና

ከአዲስ አበባ የወጣነው ንጋት ላይ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። መኪናችን ባዶ አይሱዙ፣ ሹፌራችን ጋሽ ከድር፣ ጉዳያችን ደግሞ ብረት ነው። የምሠራው በከተማው ዳርቻ ባለች አንዲት ትንሽ የብረት ማቅለጫ ውስጥ ሲሆን፣ የእኔ ድርሻ ውድቅዳቂ ብረት በየአገሩ እየዞርኩ መግዛት ነው። ፋብሪካዋ የተሰበረ ማረሻና የዛገ አልጋ አቅልጣ ለቤት ሠሪዎች ፌሮ ታወጣለች።

በዚያ ሰሞን ዓለም ብረት ተርቦ ነበር። ሥራ አስኪያጃችን እንደሚለው ቻይና ከተማ በከተማ ላይ ስትገነባ ሌላው አገር የሚያመርተውን ሁሉ ትጠቀልለዋለች። ድሮ በመርከብ ይመጣልን የነበረው ድፍን ብረት ዋጋው ሰማይ ነክቷል፤ ከፍለንም በጊዜ አይደርሰንም። አገር ቤት ደግሞ ኮንዶሚኒየሙም፣ መንገዱም፣ ድልድዩም በአንድ ጊዜ ተጀምሯል። «ከዓለም ገበያ ጋር መጋፋት አንችልም» አለን ሰብስቦ። «የአገራችንን ጓሮ እንልቀም። ተራራ ሳንንድ፣ ደን ሳንቆርጥ፣ አሮጌውን አዲስ እናደርጋለን።» እውነቱን ነው። እኔም በዚህ ሥራዬ እኮራ ነበር።

ኩራቴ ግን ከፍርሃት ተለይቶ አያውቅም። ታናሽ ወንድሜ ኤልያስ የሚሠራው እዚያው ፋብሪካ፣ ምድጃው አፍ ላይ ነው። እኔ ገዝቼ የምልከውን ወደ እሳቱ የሚጨምረው እሱ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት አፉ የተደፈነ የመኪና ሾክ አብዞርበር ከሌላው ብረት ጋር ገብቶ ፈነዳና የአንዱን ባልደረባውን ፊት አቃጠለው። የተደፈነ ነገር ሁሉ እሳት ሲያገኘው እንዲሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ሳይቀደድ ምንም የታሸገ ነገር እንዳይገባ ተባለ። ይህ ግን የሚሠራው ብረት ሲተርፍ ነው፤ ብረት ሲጠፋ መኪናው እንደደረሰ ጭነቱ በቀጥታ ምድጃው ዳር ይገለበጣል።

ቡታጅራ ላይ ፍርፍር በአምስት ብር በላን። ከወራቤ ወዲያ መንገዱ ጥግና ጥጉ እንሰት ነው፤ ቅጠሉ በዝናብ ታጥቦ ያበራል። ሆሳዕና የገባነው ቀትር ካለፈ በኋላ ነው። በቀጥታ ወደ ሸምሱ ግቢ አመራን። ሸምሱ ወላጆቹ ከጉራጌ መጥተው እዚህ የተከሉት ሱቅ አለው፤ ከሱቁ ጀርባ ባለው ግቢ ደግሞ ከጃጁራና ከሌሎቹ ገበያዎች የሚመጣ ውድቅዳቂ ይሰበስብልናል።

«ግርማ፣ አገሩ አብዷል» አለኝ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ። «ትናንት የድልድይ መደገፊያ ቆርጠው አመጡልኝ። ያውም በጠራራ ፀሐይ!»

«ገዛሃቸው?»

«ምን ነካህ? አባረርኳቸው እንጂ። ግን ሌላ ቦታ አይሸጡትም ብለህ ነው?»

የውኃ ቧንቧ፣ የበር ማጠፊያ፣ የጤና ጣቢያ አልጋ ሳይቀር እየተነቀለ ነው አለኝ። ዋጋውን ከፍ ያደረግነው እኛ ነን፤ እኛን ደግሞ ከፍ ያደረገን የማናውቀው ሩቅ አገር ነው። ያን ቀን ማታ ለራት አታካና፣ የሐዲያን የእንሰትና የቅቤ ምግብ፣ በላሁ፤ ቅቤው የተትረፈረፈ ነበር። ሆዴ ጠግቦም ልቤ አልረጋልኝም።

ዓርብ፦ አንጋጫ፣ ዱራሜ፣ ሺንሺቾ

የሸምሱን ክምር ስንመለስ ልንጭን ተስማምተን በጠዋት ወደ ከምባታ ወጣን። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ ባዶ መኪና ደግሞ ከጫነው ይበልጥ ያንገጫግጫል። አንጋጫ ላይ ጭጋግ ነበር። ዱራሜ ስንደርስ ጭጋጉ ተገልጦ ሐምበሪቾ ተራራ ታየ። ጋሽ ከድር በየድልድዩ ፍሬን እየያዘ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ መደገፊያው መኖሩን ያይ ጀመር። ሸምሱ ያወራልን ወሬ እሱንም አስፈርቶታል።

«ጋሽ ከድር፣ አንተም እንደኔ ፈሪ ሆንክ?» አልኩት።

«ለፈሪ ሜዳ አይነሱም ይላሉ» አለኝ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። «ይኸ ግን ገደል ነው ልጄ፣ ሜዳው የታል?»

ሺንሺቾ ገበያው ዳር ባስኩላችንን ተክለን መግዛት ጀመርን። የተሰበረ ዶማ፣ የብስክሌት አካል፣ የወፍጮ ጥርስ፣ የበሰበሰ ቆርቆሮ ጎረፈልን። ስምንት ሰዓት ላይ አንድ የአህያ ጋሪ መጣ። ከጋሪው ጎን የሚሄደው ሰው ኮት የለበሰና በአንገቱ ትንሽ መስቀል ያሰረ፣ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው ነው። መምህር ጴጥሮስ እባላለሁ አለኝ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነው።

«የትምህርት ቤታችን ደወል ነው» አለ ጆንያውን እየገለጠ።

ከክንድ የሚበልጥ፣ ወፍራም፣ ወደ ጫፉ የሾለ ብረት ነው። አንገቱ ላይ የታሰረው ሽቦ ብረቱን በልቶ መስመር አውጥቶበታል። መሐል ጎኑ በመመታት ብዛት ተልጎ ያብረቀርቃል። ቀሪውን ዝገት ሸፍኖታል።

«ምንድን ነው ነገሩ?» ስል ጠየቅኩ።

«የመድፍ ቀለህ ነው ይላሉ። በመንግሥት ለውጡ ጊዜ ወታደሮች ጥለውት ሄደው፣ ያኔ የነበሩት መምህራን ዛፍ ላይ ሰቀሉት። በአገሩ ያልተለመደ ነገር አይደለም።»

እውነት ነው፤ ብዙ ቦታ አይቻለሁ። የመኪና ቸርኬም፣ የሐዲድ ቁራጭም፣ ቀለህም እየተሰቀለ ተማሪ ይጠራበታል። «ታዲያ ለምን ትሸጡታላችሁ?»

«ድምፅ የለውማ! ዱብ ዱብ ነው የሚለው። ወላጆች አዋጥተው የመኪና ቸርኬ ገዙልን፤ እሱ እስከ ወንዙ ማዶ ይሰማል። በዚህኛው ጠመኔና ደብተር እንገዛለን ብለን ኮሚቴው ወሰነ።»

ባስኩላው ላይ አወጣነው። ጠቋሚው ሲወዛወዝ ቆየና ከገመትኩት በላይ ሄዶ ቆመ። መምህሩ ፈገግ አለ፣ እኔም ፈገግ አልኩ። በእኛ ሥራ ከባድ ነገር ደግ ነገር ነው። ቀለህ ባዶ ነው፤ ባዶ ነገር እንዲህ አይመዝንም ብሎ ያሰበ ከሁለታችን አንድም አልነበረም። እሱ ጠመኔውን፣ እኔ ምድጃውን እያሰብን ተጨባበጥን። ጋሽ ከድር ወደ መኪናው አንስቶ ከሌላው ብረት ላይ ወረወረው። ያ ውርወራ ዛሬም በዓይኔ ይመጣል።

መኪናው አሥር ሰዓት ሳይሆን ከሸምሱ ክምር ቦታ በቀር ሞላ። ጋሽ ከድር ሆሳዕና አድሮ በማግስቱ የሸምሱን ጨምሮ ወደ አዲስ አበባ እንዲሄድ፣ እኔ ደግሞ ለሚቀጥለው ጭነት የሙዱላን ገበያ አይቼ እንድመለስ ተስማማን። ሸኘሁት።

ቅዳሜ፦ ሙዱላ

ወደ ሙዱላ የሄድኩት ዝንጅብል ሊጭን በሚወርድ ፒካፕ ነው። ከእኔ ጋር ከኋላ ሰባት ሰዎችና ሁለት ፍየሎች ነበሩ። ገበያው ደምቆ ነበር፤ አየሩ ዝንጅብል ዝንጅብል ይላል።

ከገበያው ጫፍ፣ ከሰው ተገልሎ፣ አንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ መሬት ላይ ተቀምጦ ወናፉን ይነፋል። አኑሎ ይባላል፤ ቤቱ ሺንሺቾ ነው፣ ገበያ በገበያ እየዞረ ማጭድና ዶማ ያበጃል። ተቀናቃኜ መሆኑ ነው፤ እኔ የምሰበስበውን አሮጌ ብረት እሱ ማረሻ ያደርገዋል። ከጎኑ ጎንበስ ብዬ ሰላም ስለው ቀና ብሎ አየኝ።

«አንተ ነህ ብረት ገዢው» አለ። «የመኪና ባሌስትራ ሁሉ ጨረስክ። ገበሬው ዶማ አምጣ ይለኛል፤ ከምን ልሥራ?»

ምን ልበለው? ዓለም ተርቧል ልበለው? «አባባ፣ እኛም እኮ የምናቀልጠው ለአገር ነው» አልኩ፤ ለራሴም ቀዘቀዘብኝ።

ከፊቱ የነበረውን የባሌስትራ ቁራጭ አንስቶ በትንሽ መዶሻ መታ አደረገና ወደ ጆሮው አስጠጋው። ሌላ አንስቶ እንዲሁ አደረገ። ለምን እንደሚያደምጠው ጠየቅኩት።

«ብረት እሳት ከመግባቱ በፊት ይደመጣል። የተሰነጠቀ ይነግርሃል። ጤነኛ ይነግርሃል። ሆዱ ሙሉ የሆነም ይነግርሃል።»

«ሆዱ ሙሉ ማለት?»

«ባለፈው ዓመት የአንዱ ትምህርት ቤት ዘበኛ ደወል አመጣልኝ። ድምፁ ደከመ፣ ቁረጥና አስተካክልልን አለኝ። መታሁት። ዱብ አለ። ባዶ ነገር ዱብ አይልም። አልቆርጥም አልኩት፤ ሆዱ ሙሉ ነው፣ ወስዳችሁ ከሰው አርቁት አልኩት። የቀጥቃጭ ቃል ማን ይሰማል? ሳቁና ወስደው መልሰው ሰቀሉት።»

አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።  የደወሉን መልክ ነገርኩት፤ የአንገቱን የሽቦ መስመር፣ የተላገውን ጎኑን።

«እሱ ነው» አለ አኑሎ። መዶሻውን አስቀመጠ። «የት አለ?»

«ገዝቼ ጫንኩት።»

«ወዴት?»

«ወደ ምድጃ።»

ሽማግሌው እጁን አፉ ላይ አደረገ።  እኔ ግን በልቤ ሰዓት እቆጥራለሁ። ጋሽ ከድር ቀትር ላይ ከሆሳዕና ይነሣል፣ አመሻሹ ላይ ፋብሪካ ይገባል። እሑድ ጠዋት መብራት ለፋብሪካው ተራው ነው፤ ምድጃው ይነሣል። የእሑድ ጠዋት ፈረቃ የኤልያስ ነው። ያኔ ገና አራት ሰዓት ነበር።

ሙዱላ ቴሌ ሮጥኩ። ሌሊት በጣለው ዝናብ መስመሩ ተቋርጧል። ዝንጅብል የጫነው ፒካፕ ሊመለስ ሲል ተንጠላጠልኩ። ሾፌሩን ፍጠን ስለው «የጫንኩት ዝንጅብል ነው፣ አይበላሽ፤ ምን አስቸኮለህ?» እያለ በየመንደሩ ቆመ። በየጉድጓዱ መኪናው ሲነጥር ያ የጋሽ ከድር መኪናም እንዲህ እየነጠረ ነው ብዬ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ዱራሜ የደረስነው ሰባት ሰዓት ላይ ነው።

ዱራሜ ላይ የሆነውን መጻፍ ያሳፍረኛል። ቴሌው ሰው ሞልቶታል፤ ተራዬ ደርሶ ፋብሪካው ሲነሣልኝ ያነሣው ዘበኛው ነው፣ ቢሮው ቅዳሜ ግማሽ ቀን ተዘግቷል። «ጭነቱ ውስጥ…» አልኩና ቆምኩ። ከጀርባዬ አሥር ሰው ያዳምጣል። አንዱ ባለ ጃኬት ሰውዬ ጋዜጣውን አጥፎ ያየኛል። በዚያ ዘመን በአደባባይ ስልክ ላይ «ቦምብ» የሚል ሰው መጨረሻውን አያውቀውም። ቃሉን ካልኩ መምህሩ ይታሰራል፣ ጋሽ ከድር ኬላ ላይ መሣሪያ ይደገንበታል፣ እኔም ከየት አመጣኸው እባላለሁ። ይህ ሁሉ በአንዴ መጣብኝና ምላሴ ተሳሰረ።

«ጭነቱን ማንም እንዳያራግፍ» አልኩ በመጨረሻ። «እኔ እስክመጣ እንዳይነካ። ለኤልያስ ንገረው።»

«ኤልያስ ዛሬ የለም። ጭነት ሲመጣ ወዲያው ይራገፍ ተብሏል እኮ፣ ጋሼ» አለ ዘበኛው። «ለምንድን ነው የማይራገፈው?»

«ዝም ብለህ ንገራቸው!»

«እሺ» አለ። ይህን ዓይነቱን እሺ አውቀዋለሁ፤ ስልኩ ሲዘጋ የሚረሳ እሺ ነው።

ከዱራሜ ሆሳዕና ድረስ በሚኒባስ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። በሕይወቴ እንዲህ ራሴን የጠላሁበት መንገድ የለም። የወንድሜ ነፍስ ከአንዲት ቃል በታች ሆና ቃሏን መዋጤን እያሰብኩ ጥፍሬን ስበላ፣ ጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ «ሰው ሞቶብህ ነው ልጄ?» አሉኝ። ገና ነው ልላቸው ምንም አልቀረኝም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሲባል የሰማሁትን ሁሉ ያን ቀን አመንኩ።

ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፦ ሆሳዕና

የሸምሱ ግቢ ባዶ ነው። ጋሽ ከድር ስድስት ሰዓት ላይ ጭኖ ሄዷል። ነገሩን ለሸምሱ በጆሮው ነገርኩት። ፊቱ ተለዋወጠ፤ እዚያ ክምር ላይ ጠዋት ሙሉ የቆመው እሱ ነው።

«ፖሊስ ጋ!» አለ።

«ያስሩናል።»

«ይሰሩን! ከድር አምስት ልጆች አሉት፤ የአንተ ወንድም እሳት ፊት የሚቆም ነው። እኔና አንተ ብንታሰር ምን ይሆናል? ከእስር ይወጣል፣ ከዚያኛው ግን…» አልጨረሰውም። ክንዴን ይዞ አወጣኝ።

ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ የተቀበለን መካከለኛ ዕድሜ ያለው ሳጅን ነው። ዱራሜ ላይ የዋጥኩትን ቃል በግልጽ ነገርኩት። ሳጅኑ አልጮኸም። የመኪናውን ታርጋ፣ ቀለምና የሹፌሩን ስም ጠየቀኝ። ስልኩን አንሥቶ ቡታጅራ ኬላ ደወለ።

«ከኬላው አላለፈም» አለን ጥቂት ቆይቶ። ከዚያ ተቀምጠን መጠበቅ ሆነ። ሸምሱ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይጸልያል። እኔ ጸሎትም አልመጣልኝ፤ የግድግዳውን ስንጥቅ ነበር የማየው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ።

ጋሽ ከድር ወራቤ ላይ ምሳ በልቶ፣ ጎማ አስነፍቶ፣ ዘና ብሎ ሲደርስ ኬላው ላይ አስቁመውታል። መኪናውን ከከተማው አርቀው ሜዳ ላይ አቁመዋል። ከጦር ካምፕ ባለሙያዎች ተጠርተው መጥተው ደወሉን በጥንቃቄ አወረዱት። ያልተተኮሰ ነው፣ በውስጡ ያለው ሁሉ እንዳለ ነው አሉ። ሸምሱ ይህን ሲሰማ አለቀሰ። እኔ ግን ሳቅ ሳቅ አለኝ፤ ሳጅኑ ውኃ ሰጠኝ።

እሑድ ጠዋት፦ መምህሩ

ከየት እንደገዛሁት ተጠይቄ የመምህሩን ስም መስጠቴ አልቀረም። ፖሊስ ልኮ አስጠራው፤ በጠዋት ራሱ መጣ። ቃሉን ሰጥቶ ሲወጣ ግቢው ውስጥ ተገናኘን። ይቆጣኛል ብዬ ፈርቼ ነበር።

«አቶ ግርማ» አለኝ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «እኛ ጋ ደወሉን የሚመታው ከክፍሉ አንደኛ የወጣ ተማሪ ነው። ሽልማቱ ነው። ልጄ ማርታ ሁለት ዓመት ሙሉ መታዋለች።»

 «እግዚአብሔር ጠብቋቸዋል፣ መምህር» አልኩ።

«ድምፁ አልሰማ ሲለኝ እኔ ነኝ ጠንክራችሁ ምቱ የምላቸው» አለ። «በየጠዋቱ። ጠንክራችሁ ምቱ።»

ኮቱን ቆለፈ፣ ፈታ፣ መልሶ ቆለፈ። ከዚያ «ዘበኛው የአኑሎን ቃል ሲነግረን ስቀን ነበር» አለና ወደ አኑሎ ቤት እንደሚሄድ ነገረኝ፤ በኮሚቴው ፊት ይቅርታ ልጠይቀው ነው አለ። እዚህ አገር አንድ ርዕሰ መምህር ቀጥቃጭ ደጅ ለይቅርታ መቆሙ ቀላል ነገር አይደለም። ፖሊስ ቃላችንን ከያዘ በኋላ ማንንም አላሰረም፤ ደህና ሁን ተባብለን ተለያየን።

እሑድና ሰኞ፦ ወደ ቤት

ቡታጅራ ላይ ጋሽ ከድርን አገኘሁት። መኪናው ተፈትሾ ተለቆለታል። «እኔ ነኝ የወረወርኩት» ይላል በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ፤ ሌላ ወሬ አልነበረንም። ፋብሪካው የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ኤልያስ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ወሬው ቀድሞኛል። አቀፈኝ። እኔ ደግሞ እንደ ሕፃን ፊቱን፣ እጁን፣ ትከሻውን እየዳበስኩ አየሁት። «ምን ሆንክ? እዚህ ነኝ እኮ» አለኝ እየሳቀ።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ፊት ቀርቤ ከእንግዲህ አንድ ቁራጭ እንኳ ሳይደመጥ ምድጃ አይግባ አልኩ። መጀመሪያ ተቆጣ። ደንበኛ ፌሮ ይዞ ለመሄድ በር ላይ ተሰልፏል፣ የዓለም ዋጋ በየሳምንቱ እየጨመረ ነው፣ ምድጃው ሲቆም ኪሣራው የማን ነው አለኝ። ኤልያስና ባልደረቦቹ ግን ጓንታቸውን አውልቀው ቆሙ። ያ ፊቱ የተቃጠለው ባልደረባቸውም ከመካከላቸው ቆሞ ነበር። ሥራ አስኪያጁ እሱን አየና አንገቱን ደፋ።

ሰኞን ሙሉ ግቢው ውስጥ የተከመረውን ብረት አንድ በአንድ እያነሣን፣ አኑሎ እንዳሳየኝ በመዶሻ እየመታን አደመጥን። አሮጌን ብረት አዲስ ማድረግ መልካም ሥራ መሆኑን ዛሬም አምናለሁ። ግን ዓለም ሲቸኩል እኛም አብረን ከቸኮልን፣ ከየጓሮው የምንለቅመው ብረት ብቻ እንዳልሆነ ይህ ጉዞ አስተምሮኛል። አመሻሽ ላይ ከክምሩ ሥር፣ ከቆየው ብረት መካከል፣ ኤልያስ አንድ መታና ቀና ብሎ አየኝ። ዱብ ነው ያለው። ትንሽ ቆይቶ ሌላ አገኘ።

ሁለቱንም ከየት እንዳመጣኋቸው አላስታውስም። ከዚያ በፊት ስንት እንዲህ ያለ ነገር ወደ ምድጃው ገብቶ በዕድል ብቻ እንዳለፈ አላውቅም። የገዛኋቸው ግን እኔ ነኝ፤ እያንዳንዳቸውን ባስኩላ ላይ አውጥቼ፣ ክብደታቸውን አይቼ ደስ ብሎኛል።